ደቂቃን በወሬ የምትሰፍር ሴት

እውነተኛ ስሟን ከመታወቂያዋ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሰፈሩም፣ ደንበኞቿም፣ የገዛ እናቷም ሳይቀሩ «ደቂቃ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። በአንድ ጸጉር ቤት ጓዳ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መብራትና አንድ የእጅ መታጠቢያ ይዛ የሰው ፊት ትልጣለች። እንዳትደነግጡ፤ በቢላዋ አይደለም፣ በአሲድ ነው። ኋላ ላይ ስታስቡት ግን ብትደነግጡም አይፈረድባችሁም።

ፊቱን አጥባ በአልኮል ትጠርገዋለች። የዐይን ጥግ፣ የአፍንጫ ክንፍና ከንፈር ላይ ቫዝሊን ትቀባለች፤ አሲዱ እዚያ ሰርጎ እንዳይቀር። ከዚያ በብሩሽ ከግንባር ጀምራ ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ አገጭ ትወርዳለች። ያቃጥላል። አሲዱ የላይኛውን የሞተ ቆዳ ያላቅቅና፣ በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ሲረግፍ ከሥሩ ለስላሳ ቆዳ ብቅ ይላል። ማድያት ያለባት ይቀላታል፣ የብጉር ጠባሳ ያለባት ይደበዝዝላታል። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን ጊዜው ላይ ነው። ለጀማሪ ሁለት ደቂቃ፣ ለለመደች ሦስት። ከዚያ «ማርከሻ» በምትለው ውኃ ጨርቅ ነክራ ፊቱን ስትሸፍነው አሲዱ ይሞታል። ማርከሻው ከዘገየ አሲዱ የሞተውን ጨርሶ ወደ ሕያው ይሻገራል።

ድሮ ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። ደንበኞች ዐይናቸውን ተክለውበት ሲቆጥሩ ቃጠሎው እጥፍ ሆነባቸው፤ አንዷማ በአርባኛው ሴኮንድ ከአልጋው ተነስታ ስትሮጥ ጸጉሯን የምትሠራ ሴት ጭን ላይ ወደቀች። ደቂቃ ሰዓቱን አወረደችው። የስልኳን ደወል ሞከረች፤ በጮኸ ቁጥር ሰው እንደ ፌንጣ እየዘለለ አስቸገራት። በመጨረሻ ያገኘችው መላ በወሬ ላደገ ሰው ብቻ የሚታይ ነበር። ጊዜውን በወሬ መስፈር!

«የልብስ ሰፊው ሚስት ባሏን በሰው ሱሪ የያዘችበት» ሁለት ደቂቃ ነው። «ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ የበር ደወል የተካሰሱበት» ደግሞ ልክ ሦስት። እያንዳንዱን ወሬ ቤቷ በሰዓት እየለካች አንድ ትንፋሽ ሳይጨምር ሳይቀንስ አጥንታዋለች። ደንበኛዋ ቃጠሎውን ረስታ ስታዳምጥ፣ ልብስ ሰፊው ሱሪውን ጥሎ ሲሮጥ፣ ማርከሻው ፊቷ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ስምንት ዓመት ሠርታ አንድ ሰው አላቃጠለችም። አለቃዋ፣ የጸጉር ቤቱ ባለቤት፣ «የሰው ስም አጥቁራ የሰው ፊት ታቀላለች» ትላት ነበር። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ አልጋው ላይ ያለች ሴት አታወራም። ትስማ እንጂ አፏን አታንቀሳቅስም።

ሕጉን ያፈረሰችው የገዛ ታናሽ እህቷ ናት።

ታናሿ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ማድያት በሁለቱም ጉንጯ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘረጋባት። እንጀራዋ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ፈገግ ማለት ነውና፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በየማለዳው «ምነው፣ ደክሞሻል እንዴ?» እያለ ነገር ነገር ይላታል። ደቂቃ ሁለት ጊዜ ሠርታላት ግማሹ ለቆ ነበር። ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ደቂቃ ብሩሹን አገጯ ላይ አሳርፋ፣ «እሺ ሚጢዬ፣ ጎረቤታሞቹን ልጀምርልሽ» አለቻት።

«እትዬ፣ የእነሱን ደወል ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ዛሬ እኔ ላውራሽ።»

«ዝም በይ አንቺ! ከንፈርሽ ይላጥና ኋላ…»

«ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ነው። ሆቴል ማን እንደመጣ ልንገርሽ?»

«ማን መጣ?»

«ባለ ጫማው።»

ባለ ጫማው የደቂቃ እጮኛ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ለሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ «ጫማዬን አሰፍቼ መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሰፈሩ «ገና እየተሰፋ ነው?» እያለ ቀለደባት፤ እሷም እንዳይብስባት ከሁሉም ቀድማ ሳቀች። የስንቱን ሚስጥር በደቂቃ ሰፍራ የምታውቅ ሴት የራሷን ወሬ መጨረሻ አታውቀውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«ውሸትሽን ነው» አለች። የማርከሻው ጨርቅ እጇ ላይ ነበር።

«ልጆቼን! ትናንት ጠዋት። አርጅቷል። መታወቂያው ላይ ካለው ፎቶ ጋር አይገናኝም።»

«ብቻውን ነው?»

«ቆይ እንጂ፣ በየተራው። ኡፍ! ያቃጥላል።»

«ማቃጠል ሥራው ነው። ብቻውን ነው ወይስ ከሰው ጋር?»

«ትክ ብሎ አየኝና ‹የማውቃትን ሰው ትመስያለሽ› አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«‹ማንን?› አልኩት። ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ እልሻለሁ! ከነኮቱ፣ አንገቱን ደፍቶ…»

«ከዚያስ?»

«እትዬ፣ ግራ ጉንጬ…»

«ከዚያስ አልኩሽ!»

ሁለት ጊዜ «ከዚያስ» ብላለች። ይህን የቆጠረችው ከመጋረጃው ወዲህ ጸጉሯን ትተኮስ የነበረች ደንበኛ ናት፤ እሷም ካውያው ጆሮዋን ሲለበልባት ወሬው እንዳያመልጣት ብላ አልተነቃነቀችም።

ከዚያ ታናሿ ጮኸች። ደቂቃ ጎንበስ ብትል ግራው ጉንጭ ላይ ሁለት ጣት የሚሰፋ ነጭ ነገር አየች፤ ውርጭ የመታው ቅጠል ይመስላል። ሥራውን ስትማር በፎቶ አሳይተዋታል እንጂ በሰው ላይ አይታው አታውቅም። ማርከሻውን በጨርቅ ማድረጉን ትታ ከነጣሳው ደፋችው። አለቃዋ መጋረጃውን ገልጣ ገብታ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ብላ ጠየቀቻት። አታውቀውም።

የቆዳ ሐኪሙ ቁስሉ እንደሚድን፣ የሚተወው ጥቁረት ግን ዓመት ሊቆይ፣ ጨርሶም ላይለቅ እንደሚችል ነገራቸው። ፀሐይ እንዳይመታት፣ ከእሱ ትእዛዝ ውጭ ምንም ነገር እንዳትቀባ አስጠነቀቀ። እንዳለውም ቁስሉ ሲሽር ጉንጯ ከማድያቱ የባሰ ጠቆረ። ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ፤ ሰው ለመተረት ምን ይሳነዋል። ሥራ አስኪያጁም «እስኪሻልሽ» ብሎ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው የስልክ ክፍል አወረዳት። እዚያ የሚፈለገው ድምፅ ብቻ ነው። የደቂቃ አለቃ ደግሞ አሲዱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ፊት ማጠብ ብቻ ፈቀደችላት።

ደቂቃ በየሦስት ቀኑ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ እህቷ ቤት እየሄደች ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት ትቀባላት ጀመር። ታናሿ ፊቷን ትሰጣታለች፤ ቃል አትሰጣትም። ሁለቱ ዝም ሲሉ የቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ለካ ቧንቧው ዓመቱን ሙሉ ሲያፈስ ኖሮ በእነሱ ወሬ አልተሰማም።

በሦስተኛው ሳምንት ታናሿ ጣራ ጣራውን እያየች፣ «አልጠየቅሽኝም» አለች።

«ምኑን?»

«ባለ ጫማውን።»

«ይቅርብኝ።»

«ሻንጣው ላይ አልተቀመጠም። ‹የማውቃትን ሰው ትመስያለሽ›ም አላለኝ። ቁልፉን ተቀበለኝ፣ ‹ሙቅ ውኃ አለ?› አለኝ፣ ‹አለ› አልኩት፣ ሄደ። ይኸው ነው።»

ደቂቃ የምትቀባበትን ጥጥ አስቀመጠች። «ታዲያ ያን ሁሉ ምን አመጣው?»

«አንድ ቀን እንኳ እኔ ላውራ አንቺ ስሚ ብዬ ነዋ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማሽ ኖርኩ። ‹ከዚያስ› ስትዪኝ ጊዜ ደስ አለኝ፣ እትዬ። እየነደድኩ ደስ አለኝ።»

ደቂቃ ልታለቅስ ነው ሲባል ከአፍንጫዋ ሳቅ አመለጣት። ታናሿም «አታስቂኝ፣ ቆዳዬ ይሰነጠቃል» እያለች ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ሳቀች። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ታረቁ ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

እነሱም የታረቁ መስሏቸው ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ማለዳ ደቂቃ ቅባቱን ፍለጋ የመስታወቱን መሳቢያ ስትስብ፣ አንድም ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ብልቃጥ አገኘች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ምን እንደሆነ አላጣችውም። በየሱቁ ጓዳ በሹክሹክታ የሚሸጠው፣ ቆዳ በሳምንት አንጥቶ በዓመት የሚያሳሳው ዓይነት ነው። እሷ ጋ ከሚመጡት ሴቶች ስንቶቹ ከእሱ የተረፉ ነበሩ።

«ይህን ማን ሰጠሽ?»

«አንዲት ሴት።»

«የት የምትሠራ?»

«እኔ ምን አውቄ። የምታወራ ሴት አይደለችም» አለች ታናሿ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የባሰው።

ደቂቃ ብልቃጡን አዘንብላ አየች። «ተቀብተሽዋል?»

«ነገ ልጀምር ነው። ወሩ ሲያልቅ ባንኮኒው ላይ ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ነው። እዚያ ምድር ቤት ቀን ይሁን ጨለማ አላውቅም፣ እትዬ። ሰው ሲመጣ አላይ፣ ሲሄድ አላይ።»

«ሐኪሙ እኮ…»

«ሐኪሙ ዓመት አለኝ። እኔ ያለኝ ሃያ ቀን ነው።»

ደቂቃ ብልቃጡን ሽንት ቤት ልትደፋው ትችል ነበር፤ ግን ያቺ የማታወራ ሴት ከሰዓት ሌላ እንደምትሰጣት ታውቃለች። «አትንኪው» ብላ እንዳትቆጣ ደግሞ በየትኛው አፏ? እጅጌዋን ሰበሰበች፤ በጣቷ ጥቂት ጠቅሳ ከክርኗ በላይ፣ ስሱ ቆዳ ላይ ለቀለቀችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ሁለት ቀን ታገሺኝ። እኔን ምን እንደሚያደርገኝ እይና ያንጊዜ ወስኚ።»

«ምንም ባያደርግሽስ?»

ደቂቃ ይህን አላሰበችውም ነበር። ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው፤ እስካሁን ምንም የለም፣ ትንሽ ይቀዘቅዛል ብቻ። ዕድሜዋን ሙሉ ቆዳ እንዳይቃጠል ስትለምን የኖረች ሴት፣ አሁን የራሷ ክንድ ቶሎ እንዲነድላት በሆዷ መለመን ጀመረች።

ታናሿ ብልቃጡን ከእጇ ወስዳ ከደነችው። የሥራ ሰዓቷ ደርሶ ሻርፗን እስከ ጉንጯ ሳበች፤ መሳቢያውን ዘጋችና ብልቃጡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሁለት ቀን» አለች፣ በሩን ከፍታ። «ከዚያ ወዲያ አልጠብቅሽም።»