የባለሱቁ ልጅ

ልጄን በረሃብ የገደልኳት አምና፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አሜሪካ፣ ዩለስ ከተማ ካለው ትምህርት ቤቷ ጀርባ ሜዳው ላይ ነው። እንዲህ ብዬ ወሬ ስጀምር ባለቤቴ «አፍህን ያዝ፣ ሰው እውነት ይመስለዋል» ትለኛለች። እንግዲህ ከመነሻው ላውራው።

አራተኛ ክፍል ነበረች። የአራተኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ፣ የዛሬዎቹ አሜሪካኖች አያት ቅድመ አያቶች በሸራ በተሸፈነ ጋሪ ወደ ምዕራብ ያደረጉትን ጉዞ በጨዋታ ይደግሙታል። በእጅ የሚጎተቱ ትንንሽ ጋሪዎች አንሶላ ይለብሳሉ፤ ከየጋሪው ሁለት ልጆች በሬ፣ ሁለት ልጆች ደግሞ ቤተሰብ ይሆናሉ። ሣሩ ላይ የተነጠፈው ሰማያዊ ላስቲክ ወንዝ ነው፤ አጥሩ ጋ ያለችው ጉብታ ተራራ ናት። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በላያቸው እየጮኸ ያልፋል። በሬዎቹም ቀና ብለው እጃቸውን ያውለበልቡለታል።

ልጄ የጋሪዋ አለቃ ሆና ተመርጣ ነበር። ተራራውን ያለፈ ጋሪ አለቃ ማዶ የተሰቀለውን ደወል ይደውላል። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ ከዚያ ደወል ሌላ ወሬ አልነበረም።

«አባዬ፣ ደወሉን ስደውል ታያለህ አይደል? ፕሮሚስ?»

እኔ ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኞች አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ ከዚያ በፊት አንድም የትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ ተገኝቼ አላውቅም። በዚያ ቀን ግን ሺፍት ቀይሬ ሄድኩ። መምህርቷ እንዳየችኝ ሰፊ ባርኔጣ ጭናብኝ፣ ሽርጥ አስታጥቃ፣ ተራራው ሥር ያለውን ሱቅ አስረከበችኝ። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ናቸው የተባሉ አሥራ ስድስት የአሸዋ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ጋሪዎቹ አራት ናቸው፤ አንድ ጋሪ ተራራውን ለማለፍ አራት ከረጢት ያስፈልገዋል።

«ለእያንዳንዱ ከረጢት ከሚወዷቸው ዕቃዎች አንዱን ይቀበሏቸው» አለችኝ፤ ዕቃዎቹ ካርቶን ላይ የተሳሉ ሥዕሎች ናቸው። «እንዳያዝኑላቸው። ትምህርቱ እሱ ነው።»

«ኦኬ» አልኩ። ሰው አለማወቋ ነው።

የመጀመሪያው ጋሪ አለቃ ፊቷ ጠቃጠቆ ያለባት ልጅ ነበረች። የአያቷን የግድግዳ ሰዓት ሥዕል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። የሰው አያት ሰዓት ወስጄ የት ልገባ? መለስኩላት፤ አራት ከረጢትም ሰጠኋት። ልትሄድ ስትል አንድ ጨመርኩላት። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ምርቃት የማይጨምር ባለሱቅ ስሙ ክፉ ነው።

ሁለተኛዋ ተሰላፊ የኔዋ ነበረች። ወላጆች ስልካቸውን ደግነው ዙሪያውን ቆመዋል። ይሉኝታ ያዘኝ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የገዛ ልጄን ላስቀድም?

«አንቺ ትንሽ ቆይ፣ እነሱ ይቅደሙ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ሴከንድ ነኝ!»

«ነሽ። ቆይ።»

ገለል ብላ ቆመች። የቀሩት ሁለቱ ጋሪዎች እየመጡ ከነምርቃቱ አምስት አምስት ወሰዱ፤ ቫዮሊናቸውንም አልጋቸውንም አልነካሁባቸውም። በመጨረሻ ልጄ መጥታ አራቱንም ሥዕሎቿን፣ አሻንጉሊቷን ጭምር፣ ፊቴ ደረደረች። ለመስጠት ቆርጣ ነበር የመጣችው። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ግን አንድ ከረጢት ብቻ ነው። የአገሬ ሰው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል፤ እኔ ለሰው ስቆርስ ዳቦው አለቀብኝ።

መምህርቷ ተራራው ጋ ከረጢት ቆጠረችና የልጄ ጋሪ ሰዎች፣ በሬዎቹ ጭምር፣ በረሃብ ማለቃቸውን በትልቅ ሐዘን አስታወቀች። ማዶ ደወሉ ሦስት ጊዜ ተደወለ። ሟቾቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው የመቃብራቸውን ጽሑፍ እንዲጽፉ ግራጫ ካርቶን ታደላቸው። የልጄ ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ያረፈችው የአሥር ዓመት ልጅ ናት። በረሃብ ሞተች። ሱቁ የአባቷ ነበር።»

መምህርቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልጄ አልሳቀችም።

መኪና ውስጥ «ጨዋታ እኮ ነው» አልኳት።

«ኖ አባዬ። ሰው ካለ ለኔ አትሰጥም። ቸርች ምሳ ላይ እኔ ላስት ነኝ። የኔ በርዝደይ ላይም ኬኩ ላስት ለኔ ነው።»

አበባ የተሠራበትን የልደቷን ኬክ ቁራጭ ለእንግዳ ልጅ አንስቼ ስሰጥ ትዝ አለኝ። ያኔ በራሴ ኮርቼ ነበር። አሁን አፈርኩ።

ማታ ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ «ሱቅ ቢሰጡህ በግማሽ ሰዓት አከሰርከው፤ ልጄንም ገደልክብኝ!» አለችና የመቃብር ጽሑፉን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ወተት ባወጣሁ ቁጥር አነበዋለሁ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በአዳራሹ ምሳ ነበር። ልጄ እንደ ልማዷ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማለች። ሳህን አነሳሁና እንግዶቹን ሁሉ አልፌ ከሰልፉ ፊት ገባሁ። ጆሮዬ ጋለ። ወጥ የሚያወጡት እናት በመገረም አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ራበህ?»

«የለም እማማ፤ ለልጄ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ። «ትንሽ ይጨምሩላት።»

ሞልተው ሰጡኝ። አዳራሹን አቋርጬ ሄድኩና ሳህኑን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ሳህኑን አየችው፤ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ናው?» አለችኝ እየተቀበለችኝ፤ «ከሞትኩ በኋላ?»