የጉያቱ ጮጮ

በ1950ዎቹ፣ በቦረና ምድር ሊበን ውስጥ፣ ጃልዴሳ የአንዲት ኩሬ አባ ሄሬጋ ነበር። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ ሌላ ደግሞ ኩሬዋ ውስጥ ያሉትን፣ ጣት የማያህሉ ዓሦች ይጠብቃል። አባቱ፣ «የውኃውን ትል የሚለቅሙት እነሱ ናቸው፤ ካለቁ ከብቱ ውኃውን አሽትቶ ይመለሳል» ብሎታል።

ታዲያ ከነገሌ ጦር ሰፈር ከተማ የሚባል አስር አለቃ፣ ለልጆቹ ምግብ እንዲሆን ብሎ፣ ከገናሌ ወንዝ አምባዛ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ በበርሜል አምጥቶ ለቀቀባት። አምባዛው ተራባ። ትንንሾቹን ይውጣቸው ገባ። በጋ ሲሆን ትሉ በዛ፤ ላሞቹም አፋቸውን ዝቅ አድርገው ሳይጠጡ ቀና ማለት ጀመሩ።

«ለክፋት አልነበረም፣ አባባ» አለ ከተማ አንገቱን ደፍቶ።

«አውቃለሁ ልጄ» አለ ጃልዴሳ። «ግን እናወጣዋለን፤ አንተም ትቆፍራለህ።»

በየበጋው የኩሬዋ ደለል ይጠረጋል። የዚያን ዓመት አምባዛውም አብሮ ይውጣ ተባለ። ችግሩ፣ አገሬው ዓሣን እንደ እባብ ነው የሚጸየፈው። ሁሉም አካፋውን ይዞ ዳር ቆመ። አምባዛ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ጃልዴሳ ቀድሞ ገባና እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ አንዱን ጎትቶ አወጣ።

«ጃልዴሳ! የዓሣ እረኛ ሆንክ እንዴ?» ብሎ ጮኸ ጎረቤቱ ዲባ።

«ና ግባ! የዓሦቹን ጥጆች ላንተ እሰጣለሁ!»

ሳቁ። እየሳቁም ገቡ።

የተረፉትን ጥቂት ትንንሽ ዓሦች ከብት የሚጠጣበት የጭቃ ገንዳ ውስጥ አድርገዋቸው ነበር። ገንዳው ተሰነጠቀና ውኃው ፈሰሰ። ጃልዴሳ ዙሪያውን አየ። ለቆፋሪዎቹ ወተት ያመጡት ሴቶች ጮጮ ይዘዋል፤ ግን በጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ ውስጥ ዓሣ ማን ያስገባል? ለመጠየቅ አፈረ።

ሚስቱ ጉያቱ ወተቷን ለቆፋሪዎቹ አጠጣችና ጮጮዋን ውኃ ሞልታ ዘረጋችለት።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? የእናትሽ ዕቃ እኮ ነው!» አለ ዲባ።

«እናቴም ከብት ነበራት። ይልቅ ቶሎ በሉ፣ እየሞቱ ነው!»

ዝናብ እስኪጥል ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ውኃቸውን እየለወጠች ጠበቀቻቸው። ከዚያ ጃልዴሳ ወደ ኩሬዋ መለሳቸው። እነሱም ረቡ፤ በሚቀጥለው በጋ ላሞቹ ሳይሸሹ ጠጡ።

ጮጮው ዳግም ወተት አልገባበትም። ጉያቱ የቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ጃልዴሳ፣ «ያንን አየኸው?» ብሎ ይጀምራል። ዲባ ካለ ግን አያስጨርሰውም፤ እሱ ራሱ ጮጮውን እንዳዋሰ ሁሉ፣ ደረቱን ነፍቶ ቀድሞ ያወራዋል።