ግማሽ ዙር

ደንበኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። ኮፈን ሳይከፍት የመኪናን ሕመም በድምፁ ስለሚለይ የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያው ጋራዥ፣ በዚያው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሠርቷል። ሙያውን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ «ወንድም ጋሼ» እያለ እግር በእግር ሲከተለው ያደገው፣ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የቀበረው።

ያን ሰሞን ግን ጆሮን ግራ የሚያጋባ መኪና መጣ። የወንድም ጋሼ አሮጌ መኪና።

አሁን የምትነዳው የሟቹ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። ሁለት ጊዜ አምጥታለት ሁለቴም ሠርቶ መልሶላታል። በሦስተኛው ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ባቡር ሐዲዱ ላይ ጠፋብኝ። ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ቀጥ አለ። ባቡሩ ይታየኛል።»

«ተነሳልሽ?»

«ባይነሳማ ማን ነበር አሁን የሚያወራህ?»

ቀልዱ አላሳቀውም። ልጅቷ ነገ ጠዋትም ያንኑ ሐዲድ ታቋርጣለች።

ሕመሙ እንኳ ቀላል ነበር። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚዞርበት ፍጥነት፣ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ ከልክ በታች ወርዷል። መድኃኒቱ ካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ ጠበቅ ማድረግ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። ባለፈው ደግሞ ብሎኗ በንዝረት ላልታ ይሆናል ብሎ ወጥሮ የሚይዛትን ጥምዝምዝ ሽቦ ቀየረ፤ ካጠበቃት በኋላ አናቷ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ነጭ ጭረት ቀባባት።

ኮፈኑን ከፈተ። ጭረቱ ወደ ታች ዞሯል።

በንዝረት የምትላላ ብሎን እንዲህ ለክታ፣ ልክ ግማሽ ዙር ላይ አትቆምም።

ሞተሩን አስነሳው። ዝቅ ብሎ ተንተከተከ፤ ወዲያው ከመኪናው ወለል ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ቀርር... ቀርር... እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ ይመስላል። ፍሪሲዮን ሲረግጥ ዝም ይላል፤ ሲለቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ድምፅ ብሎ በመጀመሪያው ጊዜ ካምቢዮውን አውርዶ ጥርስ በጥርስ ፈትሾታል፤ ከእርጅና በቀር ምንም አላገኘበትም።

ድምፁን ያውቀዋል። ወንድም ጋሼ የገዛ መኪናውን ሚኒሞ እንዲህ ያወርደው ነበር፤ «ሞተር ያንሾካሹክ እንጂ አይጩህ» ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንድሙ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሲጠብቀው የሚሰማው ይኸው ቀርርታ ነበር። ጆሮ ከመኪናው ወርዶ፣ ሳያስበው በበሩ መስታወት አሻግሮ መሪው ኋላ ያለውን ወንበር አየ። ባዶ ነው።

«ቤት ውስጥ ኮፈን የሚከፍት ሰው አለ?»

«ማን? እማዬ? እማዬ ኮፈን ክፈቺ ብትባል ራዲዮኑን ነው የምትነካው።»

«ጎረቤትስ?»

«ግቢው ይቆለፋል። የመኪናው ቁልፍ ከቦርሳዬ አይወጣም።» ክንዷን አሻሸች። «ጋሼ፣ አታስፈራኝ እንጂ።»

ካቻቪቴውን አነሳና ብሎኗን አጠበቀ። ሞተሩ ቀና አለ፤ ከሥር ያለው ቀርርታም ጠፋ። ልጅቷ ከዚህ በፊት መሪ ላይ ተቀምጣ፣ በተከፈተው ኮፈን ተጋርዳ ነበር የምትጠብቀው። ዛሬ አጠገቡ ቆማለች።

«አለቀ» አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ጋሼ።» ድምፅዋ ቀጥኗል። «አሁን ምን አደረግህ?»

«አጠበቅኩት።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«እጄን ጠረግሁ። ምን ሆነሻል?»

«ከመጥረግህ በፊት መልሰህ አላላኸው። አየሁህ እኮ።»

ሊቆጣት አፉን ሲከፍት ከወለሉ ሥር ቀርር አለ። ጎንበስ ብሎ አየ። ጭረቱ ወደ ታች ነው።

ካቻቪቴውን የያዘበትን የገዛ እጁን አየ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው፤ ገና ጺም ሳያወጣ፣ ይህችን መኪና በሠራ ቁጥር ወንድም ጋሼ ከኋላው መጥቶ ሰፊ እጁን በእጁ ላይ ይጭንና «ግማሽ መልስ» ይለው ነበር። ዓመታት ሙሉ፣ በዚህች መኪና ብቻ፣ የሥራው መዝጊያ ያቺ ግማሽ ዙር ነበረች። እጁ ሳይጠይቀው ሲመልስ ኖሯል፤ ያ ሁሉ የመኪና ሕመም የሚለይ ጆሮውም ከሥራው በኋላ የሚመለሰውን የወንድሙን ቀርርታ እንደ ጤና ቆጥሮ አልፎታል።

ካቻቪቴውን አቀበላት። «አንቺ አጥብቂው።»

«እኔ? እኔ እኮ የማውቀው መርፌ ነው።»

«ይኸም መውጊያ ነው። ወደ ቀኝ፣ ግማሽ ዙር።»

እሱ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። አዞረችው። ሞተሩ ቀና አለ። ቀርርታው ሲቆም አንድ ሰው ተነስቶ ከግቢው የወጣ ያህል ጋራዡ ጭር አለ።

«ኮፈኑን አንቺው ዝጊው» አላት። «ሚኒሞው ከወረደም እኔ ጋ አታምጪው፤ ራስሽ አጥብቂው።»

ነድታ ወጣች። በሩ ላይ ፍሬን ያዘች፤ ጆሮ አዳመጠ። ሞተሩ አልጠፋም። እጇን አውለበለበችለትና ታጠፈች።

መልሶ ሊያውለበልብላት ሲል ነው ከኋላው የተጣመረው ቀኝ እጁ ሥራ ላይ መሆኑን ያወቀው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ባዶ አየር ጨብጠው፣ ቀስ ብለው ወደ ግራ ይዞራሉ። ሊያስቆማቸው ሞከረ። ግማሹን ዙር ጨርሰው ቆሙ።