የድንኳኑ ካስማ

ደሪቱ ድንኳኑን ከሩቅ ስታየው እርምጃዋን ገታች። የመለኪያ መሣሪያው የኢንተርኔት ገመዱ የተጎዳበትን ርቀት ከነገራት ጀምሮ፣ መስመር ከተቋረጠበት ትምህርት ቤት አጥር ተነስታ መንገዱን እየለካች እዚህ ደርሳለች። ልኩ የሚያልቀው እንዳሰበችው የመንገድ ቆፋሪዎች ጉድጓድ ላይ አልነበረም። ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ግቢ በር ላይ የተተከለ የለቅሶ ድንኳን ማዕዘን ላይ ነው።

«ካስማው ነው የወጋው፤» አለ ከኋላዋ የመጣው ጋሽ እሸቴ። ፒካፑን የሚነዳው እሱ ነው፤ ገመድ ሲሳብም ያግዛታል። «ዕድርተኛ መዶሻ ሲያነሳ ከመሬቱ በታች ምን አለ ብሎ አይጠይቅም።»

ደሪቱ አልሳቀችም። ሥራዋ ፋይበር መቀጠል ነው፤ ፀጉር የምታክል መስታወት ከሌላ ፀጉር ከምታክል መስታወት ጋር አቅልጦ ማጋጠም። ቦሌ ቡልቡላ ነው ያደገችው፤ አባቷ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቅሎበታል። በዚህ የጥገና ድርጅት ከተቀጠረች ገና አጭር ጊዜዋ ቢሆንም እጇ የረጋ ነው ይባልላታል።

የፋይበር ሥልጠናውን ስትጀምር ልጇ ሄሊና ገና ጨቅላ ነበረች። ሕፃኗን የያዘችላት ታናሽ እህቷ ፌናን ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን ያን ዓመት አቋርጣ። «አንቺ ተማሪ፤ እኔ በሚቀጥለው እፈተናለሁ፤» አለቻት። ያ «የሚቀጥለው» ዛሬ መጣ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ይኸው አሁን ፌናን ስልኳን በር ላይ አስረክባ፣ መስመሩ በተቋረጠበት በዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተራዋን እየጠበቀች ነው። እስከ ከሰዓቱ ፈተና መስመሩ ካልተመለሰ ተፈታኞቹ ወደ ሌላ ዙር ይዛወራሉ ተብሏል፤ ዙሩ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፌናን ደግሞ ፓስፖርቷን አውጥታለች። «ዘንድሮም ካለፈኝ አልጠብቅም፤ ደላላው ዓረብ ሀገር ይወስደኛል፤» ብላ ስትናገር ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ደሪቱን እንቅልፍ የነሳት ያ ዝግ ያለ አነጋገር ነው።

ስለዚህ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ የሥራ ሰደርያዋን እንደለበሰች፣ በለቀስተኛው መሃል ሰንጥቃ ወደ ማዕዘኑ ሄደችና ካስማውን በሁለት እጇ ያዘችው።

አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሱ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረዋሕድ ናቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አባቴ፣ ይሄ ካስማ ከታች የኢንተርኔት ገመድ ወግቷል። ነቅለን በቶሎ እንጠግነውና...»

«ነቅለን? ሠልስት ሳይወጣ ድንኳን ሲነቀል የት አየሽ? ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ጫማሽን አውልቀሽ ትገቢ ነበር። እዚህ ሰው ሞቷል፤ 'እግዚአብሔር ያጽናችሁ' እንኳ አላልሽም።»

«ልጆች ፈተና ላይ ናቸው፣ አባቴ።»

«ሟቹም ልጆች አሉት። ውጪ።»

ወደ አለቃዋ ልትደውል ስልኳን ስታወጣ ጋሽ እሸቴ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«አለቃሽ ቢመጣም እዚህ ቤት አለቃ አይደለም፤» አለ በለሆሳስ። «ሰደርያውን አውልቂ። ነጠላ ካለሽ ጣል አድርጊ፤ ገብተሽ ቁጭ በይ።»

«ጋሽ እሸቴ፣ ሰዓቱን እያየኸው ነው?»

«እያየሁት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቁጭ በይ።»

መኪናው ውስጥ የነበረውን የሄሊናን ማዘያ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ተመልሳ ገባች። ፍራሽ ላይ ለተቀመጡት የሟቹ ባለቤት፣ ለወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች። ከሴቶቹ ጎን አንድ ጥግ ተቀመጠች። አንዲት ሴት የተቆላ ሽምብራ እፍኟ ላይ አደረገችላት። ደሪቱ ሽምብራውን ይዛ ካስማው ላይ አፈጠጠች። ካስማውና ጉልበቷ መሃል አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ፌናን አሁን ምን እያደረገች ይሆን? ጥፍሯን እየበላች ነው። ሲጨንቃት እንደዚያ ናት።

ሰው ለቅሶ ቤት ከተቀመጠ ስንት ጊዜ ሲሆነው ነው የሚናገረው? ማን ያስተምራል ይሄን? ሽምብራው በእጇ ላብ ራሰ።

«ልጄ፤» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። ድምፃቸው በለቅሶ ሻክሯል። «የታዘለ ልጅ አለሽ እንዴ? ማዘያ ነው የለበስሽው።»

«አለችኝ፣ እማማ። እናቴ ጋ ናት።»

«ዓይንሽ ከዚያ ብረት ላይ አልተነሳም። ምን ፈልገሽ ነው?»

ነገረቻቸው። ስለ ገመዱ ጀምራ ስለ ፌናን ጨረሰች፤ ስለ ፓስፖርቱም ሳይቀር አመለጣት። ሴትየዋ ሰሟትና አንገታቸውን ወደ ሽማግሌው አዞሩ።

«ገብረዋሕድ፣ ባሌ ዓለምሰገድ በሰው ልጅ ዕድል ላይ ካስማ ተክሎ አያውቅም። ድንኳኑ ሳይወድቅ የሚሆን ነገር ፈልጉላት።»

ሽማግሌው ድንኳኑን ዞረው አዩ፤ መንገድ ዳር የቆመውንም ፒካፕ አዩ። «መኪናችሁን አስጠጉት፤» አሉ። የድንኳኑን የማዕዘን ገመድ ከካስማው ፈተው ከፒካፑ የኋላ መንጠቆ ጋር ጠበቅ አድርገው አሰሩት። «እንግዲህ ይሄ መኪና እስክንፈታው ድረስ የዕድሩ ንብረት ነው።»

«መንጃ ፈቃዴን አብራችሁ እሰሩት፤» አለ ጋሽ እሸቴ።

ካስማው ሲነቀል ጫፉ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ተልጦ ወጣ። ጋሽ እሸቴ ከአጠገቡ ካለው ማንሆል ትርፍ የፋይበር ገመድ ሳበ፤ እሷ ቆፍራ የተጎዳውን ቆርጣ አወጣች። ውጭው አቧራና ነፋስ ነው፤ ለፋይበር ደግሞ ከዚያ የባሰ ጠላት የለውም። የመቀጠያ ማሽኑን እዚያው ድንኳኑ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሴቶቹ ሳይነገራቸው ነጠላቸውን ዘርግተው ከነፋሱ ጋረዷት። አቶ ገብረዋሕድ የሚገባውን ሰው «እግራችሁን አንሱ እንጂ አትጎትቱ፣ አቧራ» እያሉ በር ላይ ቆሙ።

ቀጫጭኖቹን መስታወቶች በየቀለማቸው እየላጠች፣ በአልኮል እየጠረገች፣ እየቆረጠች አጋጠመች። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከተተች፤ ሰው በሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ የመስታወት እሾህ መጣል አይቻልም። የመጨረሻው ሲገጥም በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ላለው ለመምህር ሃይለኣብ ደወለች።

«ጠዋት ርቀቱን ስለካ የነቀልኩትን የገመዱን ጫፍ ይሰኩት፣ መምህር።»

«ሰካሁት። የመስመሩ መብራት ግን አሁንም ቀይ ነው። ልጆቹን ለከሰዓቱ ፈተና ማሰለፍ ጀምረዋል፤ ምን ልበላቸው?»

ማሽኑ መጋጠሚያው ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ ነበር። ከየትኛው ነው የተሳሳተችው? ሁሉንም ዳግመኛ ልትከፍተው እጇን ዘረጋች፤ ግንባሯን ልትጠርግ ሌላውን እጇን ሶፍት ፍለጋ ኪሷ ስትከት አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አገኘች።

የራሷ ናት። ጠዋት ጫፉን ነቅላ ርቀቱን ስትለካ፣ አቧራ እንዳይገባበት ልትከድነው አውጥታት ነበር። የፌናንን ነጭ ሻርፕ በመስኮት አይታ ደነገጠችና ክዳኗን ኪሷ ከትታ ሮጠች። ጫፉ ራቁቱን ተንጠልጥሎ የዋለው ለፈተናው ተብሎ በሚጠረግ ክፍል ውስጥ ነው።

«ጫፉ ነው፤» አለች። «ቆሽሿል። እኔ ነኝ ሳልከድነው የሄድኩት። ጋሽ እሸቴ፣ መኪናውን...»

ሁለቱም ድንኳኑን ተሸክሞ የቆመውን ፒካፕ አዩ።

ሮጠች። ማዘያውን ወገቧ ላይ አሥራ፣ የጫፍ መጥረጊያውን፣ አልኮሉንና ማጉያ መነጽሩን ጨብጣ፣ ድንጋይ ከጫነው ሲኖትራክ ጎን ለጎን፣ የልብስ ሱቆቹን አልፋ ሮጠች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይፈትሻት ዘንድ እጇን እንደ ሌባ ዘርግታ ቆመች። ኮምፒውተር ክፍሉ ገብታ ጫፉን ነቀለችው፤ በማጉያ መነጽሩ ስታየው ዓይን ውስጥ እንደገባ ጉድፍ አቧራው መሃሉ ላይ ተቀምጧል። በደረቁ ጠረገችው። አየችው። አልጠራም። አልኮል አስነክታ ጠረገችው፤ እንደገና በደረቁ። ጠራ። ሰካችው።

ቀዩ መብራት ጥቂት አሰበበትና አረንጓዴ ሆነ።

መምህር ሃይለኣብ ወደ ደጅ ወጣ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሰማች። በመስኮቱ በኩል ነጩ ሻርፕ አለፈ፤ ፌናን እያየች የነበረው ከፊቷ ያለችውን ልጅ ጀርባ ብቻ ነው። ደሪቱም አልጠራቻትም።

ግን መስመሩ ተመለሰ ማለት እስከ መጨረሻ ይቆያል ማለት አይደለም። መጋጠሚያው ገና አልተቀበረም፤ የለቀስተኛ እግር አንዴ ቢያደናቅፈው አለቀ። እየፈጠነች ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ጉድጓዱ ዳር ጋሽ እሸቴ ሽምብራ እየቆረጠመ እንደ ዘብ ተቀምጧል። አብረው መጋጠሚያውን መከላከያ ሳጥኑ ውስጥ አሽገው አፈር አለበሱት። ከዚያም ደሪቱ ወንበሩን ስባ ልክ አፈሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ እግሯን ዞሮ እንዲያልፍ።

ማንም ተነሺ አላላትም። መኪናውም አልተፈታም። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ባላቸው ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ዜና ላይ እንዴት ይከራከር እንደነበር ሲያወሩ ሰማች፤ ሴቶቹ ሲያለቅሱ የሷም ዓይን አነባ፤ ለማን እንደሆነ ለይታ አላወቀችም። በየመሃሉ ስልኳን ገልበጥ አድርጋ ታያለች። አልጠራም። መስመሩ ቢቋረጥ መምህሩ ይደውል ነበር፤ አለመጥራቱ ጥሩ ነው ትላለች ለራሷ። ወዲያው ደግሞ ጥሩ ነው? ትላለች።

ጥላው ወደ ግቢው በር ሲረዝም ስልኩ ነዘረ።

«ወጣሁ፤» አለች ፌናን።

«ተቋረጠ?»

«አልተቋረጠም። ዘግይተን ጀመርን እንጂ ሁሉንም ሠርቻለሁ። አንዱ ላይ ብቻ ጥርጥር አለኝ። ምን ሆነሽ ነው የምታንሾካሹኪው? የት ነሽ?»

«ለቅሶ ቤት።»

«የማን ለቅሶ?»

«የጋሽ ዓለምሰገድ።»

«እናውቃቸዋለን?»

ደሪቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅን አየች፤ ከዚያም ከፒካፑ ጋር የታሰረውን የድንኳን ገመድ።

«ስትመጪ እነግርሻለሁ። ለቅሶ ቤት ነውና ያን ነጭ ሻርፕ ቦርሳሽ ክተቺና ነይ።»

«እኔ ምን ላደርግ?»

«ቁጭ ትያለሽ፤» አለቻት ደሪቱ፣ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ እየጠረገች።