የዘይነባ አሚን

ትናንት ጎረቤታችን እየሳቀች ስልኳን አሳየችኝ። የድሮ ሳንቲምና የብር ጌጥ በስልክ በሚሸጥበት ጨረታ ገብታ፣ የራሷን አምባር በሌላ ቁጥር እየተጫረተች ዋጋውን ትሰቅላለች። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለችኝ። ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ያልተሸጠ ነገር ስለሌለ አልፈረድኩባትም። ሳቋ ግን አልተጋባብኝም፤ ቀኑን ሙሉም የጓደኛዬ የዘይነባ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም።

ያኔ ወጣቶች ሳለን ነው፤ እኔና ዘይነባ ከወሎ ከመጣን ገና ነበር፤ ሁለታችንም ሰው ቤት እንሠራ ነበር። ታናሽ እህቷ ከዲጃ ፉል ልትገዛ እንደወጣች በከሻ ተያዘች፤ ፖሊስ ወረቀት የሌለንን የሚያፍስበት ነው። ቅጣቱ ካልተከፈለላት ተጭና ድንበር ላይ ልትጣል ነው። ዘይነባ ደግሞ እናቷ ካጠለቀችላት ድሪ በቀር ምንም የላትም። የማርትሬዛ ጠገራ ብር የተሰካበት፣ ስትራመድ የሚንሿሿ ድሪ ነበር።

አሠሪዬ «ደላላ ውሰዱት» አለችን። እኛ ሰውዬ መስሎን በዚያ በሚያነድ ፀሐይ ካርቱም ሁለት የሚባለውን ሰፈር «ደላላው የት ነው?» እያልን ዞርን። ለካ እዚህ ደላላ የሚባለው ጨረታው ራሱ ነው! እንደምንም አንድ የኒም ዛፍ ያለበት ግቢ ደረስን። ሰዉ ጥላ ሥር ከርከዴውን እየጠጣ ይጫረታል። ከእኛ በፊት የቀረበው የድሮ ቴምብር ነበር፤ ባለቤቱ ከኋላ ተቀምጦ በገዛ ዕቃው ላይ ሲጨምር በዓይናችን አየን። ማንም ምንም አላለውም።

ድሪው ቀረበ። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ፣ ለከዲጃ በቅቶ የሚተርፍ ዋጋ ጠሩ። አጫራቹ «አላ ኡና! አላ ዱዌ!» ብሎ ጮኸ።

በጣሊያንኛ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ማለቱ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ዘይነባ የሰማችው የአላህን ስም ነው። እኛ አገር ሽማግሌ የአላህን ስም ጠርቶ ሲመርቅ ዝም ይባላል እንዴ? ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አሚን!» አለች።

«እዚያ ጋ ተጨመረ!» አለ አጫራቹ ወደ እሷ እየጠቆመ።

ሽማግሌው ዞሩ። ከጎናቸው የነበረው ሰው «ያ ሐጅ፣ ባለዕቃዋ እኮ ራሷ ናት» አላቸው።

«ሐራሚያ!» አሉ። ሌባ ማለታቸው ነው። በትራቸውን አንስተው ወጡ።

«ወላሂ ዱዓ ነው! ዱዓ መስሏት ነው!» እያልኩ እስከ በሩ ተከተልኳቸው። ግቢው በሳቅ አለቀ። አጫራቹ ድሪውን እንደገና ቢያቀርበው የሚተነፍስ ጠፋ። ዘይነባ እጆቿን እንደዘረጋች «ፋጤ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

በማግስቱ አንድ ብር አቅላጭ በርካሽ ወሰደው። የጎደለውን ከዚህም ከዚያም ለምነን ፖሊስ ጣቢያው ስንደርስ «መኪናው ሄዷል፤ ያላ፣ ሂዱ» አለን ዘበኛው። ከዲጃ ወሎ አልደረሰችም። እስከ ዛሬ ድረስ አየኋት የሚል ሰው አልተገኘም።

አሁን አርጅተናል። አውቀው የሚያጭበረብሩት ዋጋቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ፤ የዋሂቱን ግን ሌባ ብለው እህቷን አሳጧት። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ለማን አቤት እንደሚባልም አላውቅም። ባለፈው ጁምዓ ሴቶቹ ተሰብስበን ስለ ሰላም ዱዓ ስናደርግ፣ የዘይነባ እጆች የተከናነበችው ቶብ ውስጥ ቀሩ። «አንሺ እንጂ» አልኳት ጠጋ ብዬ።

«ተይኝ ፋጤ» አለችኝ፤ «ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል።»