በፈረንሳይ ገጠር የጾምኩት ፍልሰታ

ባለፈው ሰኞ ጎረቤቴ ከበደ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሊጠይቀኝ መጣ። ከጧት ጀምሮ ይዘንባል፣ ጉሙ ደጃፌ ድረስ ገብቷል። አንኮበር በነሐሴ ያው ነው፤ ሰው ከነጎረቤቱ ይጠፋል። ከበደ ገና ሳይቀመጥ ስለ ባቡር ማውራት ጀመረ፤ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ጭሱ፣ በመስኮት ሲያዩት ዛፉ ወደ ኋላ ስለመሮጡ። እስኪጨርስ ጠበቅኩትና፣ «እኔም ተሳፍሬበታለሁ፤ ያውም አዲስ አበባ ገና ስም ሳይወጣላት» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከመደቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መደቡ ስመላለስ ዋልኩ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። አባቴ ኮርቻ ሰሪ ነበር፤ እኔን ግን ኮርቻ ከመስፋት ይልቅ ኮርቻው የሚሄድበትን አገር ማየት ያምረኝ ነበር። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። በዚያን ጊዜ ሙሴ ፊሊክስ የሚባል ፈረንሳዊ የጨርቅ ነጋዴ አንኮበር ላይ ቤት ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ በቅሎዎቹን የምጠብቅለት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እሱ አማርኛ፣ እኔም ፈረንሳይኛ ለመድን። አስካለ የምትባል የአገራችንን ልጅ አግብቶ ትርንጎ የተባለች ሴት ልጅ ወልዷል። ትርንጎ ሁለት ዓመት እንደሆናት፣ ጥምቀት እንዳለፈ እናቱን ሊጠይቅ ተነሳ። «አብረኸኝ ና፤ ከሚመጣው ገና በፊት እንመለሳለን» አለኝ። ሁለት ጊዜ አላስለመነኝም።

ወደ አልዩ አምባ ወርደን፣ በረሃውን በግመል አቋርጠን፣ በመርከብ ማርሴይ ደረስን። ከዚያ በባቡር ቀንና ሌሊት ሄደን ሰኔ ላይ የእናቱ መንደር ገባን። ልንደርስ ስንል ሙሴ ፊሊክስ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ስለ አስካለና ስለ ልጅቱ እናቴ ፊት አንዲት ቃል እንዳታወጣ» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

እናቱ ማዳም ክሌማንስ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ነበሩ። ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ሀ የምትባለው ድምፅ በአፋቸው ስለሌለች «ሀብቴ» ማለት አቅቷቸው «አብቴ» ይሉኝ ነበር። እንግዳ ያከብራሉ። እሑድ እሑድ ጋሪ አስጠምደው አገር ያስጎበኙኛል፤ ክንፉ በነፋስ የሚዞር ወፍጮ፣ ጣራው የወደቀ የድሮ መስፍን ግንብ፣ በኮረብታው ወገብ ላይ በተርታ የተተከለ ወይን። አልዋሽም፣ ያምር ነበር። ልቤ ግን አልረጋ አለ። በሐምሌ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ስንዴ ይታጨዳል። እኛ አገር ያን ጊዜ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ወቅት የተገለበጠበት ሰው እንዴት ተረጋግቶ ይቀመጣል? ደግሞም እኔ አገራቸውን ስጎበኝ እነሱ እኔን ይጎበኙ ነበር። ግንቡን ልናይ በሄድንበት ቀን ሰዉ ግንቡን ትቶ ጋሪያችንን ከበበ። አንዲት ሴትዮ ቀለሙ ይለቅ እንደሆን ብላ መሰለኝ እጄን በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው።

ለገና አንኮበር ለመግባት ክረምቱ ሳይወጣ መነሳት ነበረብን። ሙሴ ፊሊክስን በጠየቅኩት ቁጥር «ትንሽ ቆይ» ይለኛል። ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ። እናቱ የባለወፍጮውን ልጅ ሊያጋቡት አስበዋል፤ እሱም እሺም እምቢም ሳይል ዝም ብሏል።

በዚህ መሃል ፍልሰታ ገባ። ቀኑን በጣቴ እየቆጠርኩ መጾም ጀመርኩ። ቅቤውንም ሥጋውንም ወተቱንም ስመልስ ማዳም ክሌማንስ ልጃቸውን ጠየቁት። «ምግብ ይመርጣል» ብሎ አለፈው። ሳህኔን ሲያነሱ ግን ፊታቸው ይጠቁራል።

ጾሙ ሊፈታ ስድስት ቀን ሲቀረው የመንደሩ ትልቅ በዓል ሆነ። የእነሱም በዓል የማርያም ዕርገት ነው። ከጧት ጀምሮ ደወሉ ሲደወል፣ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች አንድ ነገር ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ታቦት መስሎኝ ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል የተሸከሙት ከእንጨት የተቀረጸ የእመቤታችን ምስል ነው። ግራ ገባኝ፤ ቢሆንም ስሟ ስሟ ነው ብዬ መልሼ ጎንበስ አልኩ። ከሰልፉ በኋላ ሜዳው ላይ ዛፍ ሥር ገበታ ተዘረጋ። የሥጋው ሽታ፣ የወይን ጠጁ፣ አኮርዲዮኑ። ጎረምሶቹ ሳሙና የተቀባ ረጅም ምሰሶ ተክለው «አንተም ውጣ» አሉኝ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሽልማት ቀና ብዬ ሳይ የአሳማ ጭን ነው። የሳቅኩበትን ምክንያት ማንም አልጠየቀኝም።

ረሃቡና ሙዚቃው አዞረኝና ወደ ቤት ተመለስኩ። ማዳም ክሌማንስ ማድ ቤት ዳቦ ሊወስዱ መጥተው አገኙኝ።

«አብቴ፣ ምግቤ ምን አደረገህ?» አሉኝ።

«ምንም አላደረገኝም ማዳም። እኔ ጾም ላይ ነኝ። የማርያም ጾም ነው።»

«ዛሬ እኮ በዓሏ ነው።»

«በእኛ አቆጣጠር ገና አልደረሰም።»

ከዚያ ዳቦውን አስቀምጠው ባቄላ ቀቀሉ፣ በለውዝ ዘይት አሹት፣ ሽንኩርት ከተፉበት፤ ከፊቴም ተቀመጡ። ከውጭ ጭፈራው ይሰማል። ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳልውጥ፣

«ልጄ እዚያ አገር ምን አለው?» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለት ጊዜም አልረጋ አለ። ዛሬ ለባለወፍጮው ቃል ልሰጥ ነው። እሱ አይነግረኝም፤ አንተ ንገረኝ።»

አቀርቅሬ ባቄላውን አየሁ። የጌታዬን አደራ አሰብኩ። አስካለን አሰብኩ፤ ስንለያይ ልጅቱን አዝላ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኝታን ነበር። እና እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ በላይ መንገዱን አሰብኩ። ይህ ጋብቻ ከጸና እኔም እዚያው ቀረሁ ማለት ነው።

«ሚስት አለችው» አልኩ። «ልጅም አለችው። ስሟ ትርንጎ ነው።»

አልጮኹም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ደረቅ ነበር፣ ግን ጠረጉት። «ትሪንጎ» አሉ። «ስንት ዓመቷ ነው?» ነገርኳቸው። «እሱን ትመስላለች?» ዓይኗ እሱን እንደሚመስል ነገርኳቸው። ሽርጣቸውን ፈትተው ወንበሩ ላይ አኖሩና ወደ ሜዳው ወጡ። ተከተልኳቸው። ሙሴ ፊሊክስ ከባለወፍጮው ጎን ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው ጥቂት ቃላት ተናገሩ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ከሰዉ ሁሉ መካከል እኔን ፈልጎ አየኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተነሳን። ያስነሱት እናቱ ናቸው። «ልጅህ ዘንድ ሂድ» ብለው ሻንጣውን በገዛ እጃቸው አዘጋጁለት። ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል እጄን ያዙ። ይመርቁኛል ወይም ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ትርንጎ» አሉ። «እንዲህ ነው የሚባለው?»

«አዎ ማዳም፣ እንዲህ ነው» አልኳቸው። በትክክል ብለውት ነበር።

ሙሴ ፊሊክስ መርከብ እስክንሳፈር አላናገረኝም። ገና ሊውል ሦስት ቀን ሲቀረው አንኮበር ገባን። ከአስካለ ጋር ደህና ኖረ፤ ልጁንም አቅፎ አይጠግብም ነበር። በአራተኛው ዓመት እናቱን ለማየት ብሎ ወደ ባሕር ሲወርድ ቆላው ላይ ንዳድ ይዞት ሞተ። ማዳም ክሌማንስ መርዶውን መቼ እንደሰሙ፣ ማንስ እንደነገራቸው አላውቅም።

ትርንጎ ዛሬ ጎረቤላ ትኖራለች፤ ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ አይታለች። ስለ አያቷ በጠየቀችኝ ቁጥር ስለ ባቄላው፣ ስሟን እንዴት እንደተለማመዱት እነግራታለሁ። ደስ ይላታል፣ «አባባ፣ አንተ ባትኖር እኔ አባት አይኖረኝም ነበር» ትለኛለች። እኔም ምስጋናውን እቀበላለሁ። ያን ቀን አፌን የከፈተው ለእናቷ ማዘኔ ነው ወይስ ወደ አገሬ ለመሄድ መቸኮሌ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ምናልባት ሁለቱም ነው። አሮጊቷ አንድ ልጃቸውን ያጡበትን እውነት የነገራቸው ግን ንጹሕ ሰው አልነበረም። ትርንጎ ይህን አልሰማችም። መስማት ይገባታል፤ ብትቀየመኝም መብቷ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረቤላ ተሻግሬ ልነግራት ቆርጫለሁ። አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተነስቼ ሰማዩን አየሁት።