ከኮቱ ሥር ያለችው እጅ

ተካልኝን ያስነሳችው ሚስቱ ፍሬ ናት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቢነገርም የሚያምን አይገኝም።

ተካልኝ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ኖሮ፣ አንድ ቀን እዚያው ሥራው ላይ ስትሮክ ጣለው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ በስደት አገር፣ ግሪስሃይም ባለችው ጠባብ ቤታቸው የምታጥበው፣ የምታለብሰው፣ ሽንት ቤት የምታደርሰው ፍሬ ናት። የጽዳት ሥራዋንም ተወች። ቀበቶውን ከኋላ ጨብጣ፣ ጉልበቱን በጉልበቷ ደግፋ ብድግ ታደርገዋለች። ግዙፍ ሰው እኮ ነው፤ እንዲህ በዋዛ የሚነሳ አይደለም።

ታዲያ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናቸው በተከራየው አዳራሽ የፈውስ ጸሎት ተያዘ። ፓስተር እንዳሻው እጃቸውን ዘርግተው ተነሥ ሲሉት፣ ፍሬን ምን እንደነካት እንጃ፣ የለመደው እጇ ኮቱ ሥር ገባ፤ ቀበቶውን አፈፍ አድርጋ አነሳችው። ቆመ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ሰው ወንበር እየገለበጠ መጥቶ አቀፈው። ከኋላው ያለችውን ማን ልብ ይበላት! ተካልኝ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ያቀፈው አልነበረም። ፍሬም "የኔ እጅ ነው" ለማለት አንደበት አጣች።

ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ጠፋ። ሾርባ ይዞ ብቅ ይል የነበረው ሁሉ ቀረ፤ የዳነ ሰው ምን ያስጠይቀዋል?

አሁን ደግሞ የፍሬ ወገብ እምቢ አለ። ዲስኩ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል፤ ኦፕራሲዮን ካልሆንሽ እግርሽ ከጥቅም ውጪ ይሆናል ብለው ቴርሚን፣ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ፣ ሰጧት። ሐኪሙ ቤት ውስጥ ባልሽን የሚንከባከበው ማነው ብሎ ቢጠይቃት፣ "ማንም የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ" አለችው። ቀልዷን አይደለም። ራሷን ከሰው አትቆጥርም፤ ሚስት ናት እንጂ ተንከባካቢ መሆኗን በሕልሟም አስባው አታውቅም። በሽተኛ ለጊዜው የሚቀበሉ ቤቶች ዘንድ ደወለች፤ ቦታ የለም፣ ወረፋ ጠብቂ ተባለች። የቀረቻት ለዓመታት አብራት የጸለየችው የመዘምራኗ ሐሴት ነበረች። ፍሬ በእፍረት እየተንተባተበች፣ ሆስፒታል ልተኛ ነውና ተካልኝን ጥቂት ቀን ያዥልኝ ብትላት፣ ሐሴት ደነገጠች።

"እህቴ፣ በዓይናችን ያየነውን ልትክጂ ነው? እምነትሽን ጠብቂ።"

ክፋት የለባትም እኮ፤ ከልቧ ነው ያለችው። ፍሬ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ቆረጠች፦ እሑድ ተነስቼ እውነቱን እናገራለሁ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ብቻ አንድ ሰው ይያዝልኝ። ለተካልኝም ነገረችው። ግድግዳውን ሲያይ ዋለ።

እሑድ ፓስተር እንዳሻው ራሳቸው ማይኩን አቀበሏትና ስለ ፈውሱ መስክሪ አሏት። ተካልኝ ሰው ሳይገባ ቀድማ ባስቀመጠችው የፊት ወንበር ላይ፣ አጠገቧ ተቀምጧል፤ እሷ ባሰረችለት ከረባት፣ እሷ በላጨችው ጢም። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እሱ ሲዞር ፊቱ በራ፤ ድሮ ከሥራ ሲገባ የሚስቃትን ሳቅ ሳቀ። ከዚያ በግራ እጁ ቀሚሷን ያዘ። ጎንበስ አለችለት።

"ፍሬዬ፣ ሰው ያደረገኝ ይሄ ብቻ ነው፤ አትንጠቂኝ።"

አይ ፍሬ! ከታመመ ወዲህ ምንም ለምኗት አያውቅም ነበር። ጌታ ይመስገን አለችና ማይኩን መለሰች። ሕዝቡ ቁምልን እያለ ማጨብጨብ ጀመረ። እጇን ኮቱ ሥር ሰደደች። ስታነሳው ወገቧ ውስጥ የሆነ ነገር ቆረጣት፤ ጮኸች፤ እልልታው ዋጠው። ተካልኝ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ደውላ ቴርሚኗን ሰረዘች። ለምን ቢሏት፣ ባሌን የሚይዝልኝ ሰው የለም አለች። ከዚያ ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ተካልኝን ልታነሳ ወደ መኝታ ክፍል ገባች።